ገዳዩን እያወቅን ለምን እንጨነቃለን?
ስለ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ የአጻጻፍ ዘዴ

ልብ ሰቃይ ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ ብዕር የሚያነሳ ጀማሪ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ገዳዩን የት እንደሚደብቀው ነው። ሬሳ ይገኛል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ አምስት ሰዎች ይጠረጠራሉ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ማንም ያልጠረጠረው ስድስተኛው ይያዛል። አንባቢም «አሃ!» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ታዲያ ሁለተኛ ማን ያነበዋል? እንቆቅልሹ ከተፈታ ምን ቀረ?

አሜሪካዊቷ ደራሲ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ (1921-1995 እ.ኤ.አ.) ሌላ መንገድ መርጣለች። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የቶም ሪፕሊ የመጀመሪያ ታሪክ ውስጥ የተደበቀ ገዳይ የለም። ሪፕሊ ሀብታም ጓደኛውን ዲኪ ግሪንሊፍን ሳን ሬሞ ላይ በጀልባ መቅዘፊያ ደብድቦ ሲገድለው እያየን ነው። ከዚያም የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ ቀለበቱን አጥልቆ፣ ስሙን ወስዶ ይኖራል። የሚያስጨንቀን «ማን ገደለ?» የሚለው ሳይሆን «አሁን ቢያዝስ?» የሚለው ነው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ነፍሰ ገዳዩ እንዲያመልጥ የምንመኘው እኛው ነን!

ይህ እንዴት ተሠራ? ደራሲዋ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ልብ ሰቃይ ድርሰት አጻጻፍ ባወጣችው መጽሐፍ አሠራሯን ሳትደብቅ ነግራናለች። መነሻዋ ትንሽ ዘር ናት። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጠላት ሊገድልለት ቢስማሙስ? ከዚህች ጥያቄ በ1950 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ተወለደ፤ ሂችኮክም በ1951 ፊልም አደረገው። የሪፕሊ ዘር ደግሞ ፖዚታኖ በምትባል የኢጣሊያ የባሕር ዳር ከተማ ከሰገነት ላይ ሆና ያየችው፣ በማለዳ ብቻውን በአሸዋው ላይ የሚሄድ ወጣት ነበር። አላነጋገረችውም። እንዲህ ያለውን ሁሉ በደብተር ትይዝ ነበር፤ ስትሞት የተገኙት ማስታወሻዎቿ ወደ 8,000 ገጽ ይደርሳሉ።

ዘሩ ብቻ ግን አይበቃም። ሪፕሊን መጻፍ ስትጀምር ቋንቋው ዘና ብሎ፣ ልል ሆኖ አገኘችው። ምን አደረገች? የጻፈችውን ጥላ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደገና ጀመረች፤ ሪፕሊ ራሱ እፎይ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነዋ! ልብ ሰቀላው ከሴራው በፊት ከዓረፍተ ነገሩ እንደሚጀምር ከዚህ እንማራለን።

ሌላው ዘዴዋ የትረካው አንጻር ነው። ታሪኩ በሦስተኛ መደብ ቢነገርም ተራኪው ከሪፕሊ አእምሮ ወጣ ብሎ አያውቅም። ፖሊሱ ምን እንደሚያስብ አይነገረንም፤ የምናውቀው ሪፕሊ የገመተውን ያህል ብቻ ነው። በሩ ሲንኳኳ እሱ ይደነግጣል፤ እኛም እንደነግጣለን።

«ወንጀለኛው ካልተቀጣ ድርሰቱ ምን ያስተምራል?» የሚሉ አይጠፉም። ሃይስሚዝ ራሷ ሕዝቡ ለፍትሕ ያለው ጉጉት አሰልቺ ነው እስከማለት ደርሳለች። በዚህ አንስማማም፤ የተበደለ ሰው የፍትሕ ጥማት የሚያሰለች አይደለም። ይሁንና ድርሰቷ ከአባባሏ ይበልጣል እንላለን። መጨረሻ ላይ ገዳዩን በሚያስር መጽሐፍ አንባቢው ራሱን ከጻድቃን ቆጥሮ ይተኛል። ይኸኛው ግን «አንተስ ለማን ስትጨነቅ አመሸህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ጉድለትም አለ። ሪፕሊ በአምስት መጻሕፍት ውስጥ ተመላልሷል፤ የመጨረሻው በ1991 ወጣ። በመጀመሪያው ወላጅ አልባ ነው፤ አክስቱ በምትልክለት ትንንሽ ቼክ የሚሸማቀቅ፣ የሰው ጫማና ሻንጣ የሚያስጎመዠው ድሀ ነው። በ1970 በወጣው በሁለተኛው ግን ፈረንሳይ ውስጥ ቪላና ሀብታም ሚስት አለው። መግደሉን አልተወም፤ የሚገፋው ረሀብ ግን ቀርቷል። በእኛ አስተያየት ሪፕሊ ሲመቸው ደራሲዋም ከወንበሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ተቀምጣለች፤ ጭንቀቱም በዚያው ልክ ቀንሷል።

እንግዲህ ልብ ሰቃይ ታሪክ ለመጻፍ የምንነሳ ሁሉ ከሃይስሚዝ መውሰድ ያለብን ግድያውን አይደለም። ለገጸ ባሕርያችን ሽጉጥ ከማስጨበጣችን በፊት የሚያፍርበትን ነገር እንወቅለት። ኀፍረቱን ካወቅን ፍርሃቱ አብሮ ይመጣል፤ ያኔ ገዳዩን መደበቅም አያስፈልገንም።