ውዳሴ ለረቂቂቱ የውኃ ደጅ

ባሌ ስለ ታላላቅ ውኆቹ ሲወደስ ኖሯል። ሻያ በሮቤ፣ ቶጎና በጎባ፣ በሶፍ ዑመርም የኖራ ዐለት ሆድ ገብቶ የሚወጣው ወይብ ሁሉም አመስጋኝ አላቸው። የሳኔቲ ጉም ተገፍፎ 4,377 ሜትር የሚረዝመው ቱሉ ዲምቱ ብቅ ሲልም አፉን ሳይዝ የሚያልፍ መንገደኛ የለም። የዛሬው ዘውድ ግን ከወንዞች ሁሉ ለምታንሰው ይሁን። ዐይን ለማያያት፣ በሕዋስ ቅጥር ላይ ለተሠራች ቦይ፣ ሊቃውንት አኳፖሪን ላሏት ፕሮቲን።

አንቺ የውኃ ደጅ ሆይ፣ ግርማሽ ይነገር! በስብ በተለሰነ ቅጥር መካከል ቆመሽ የውኃን ሞለኪውል በነጠላ ሰልፍ ታሳልፊያለሽ፤ በሰከንድ ሦስት ቢሊዮን ያህል! ይህ ሁሉ ሲያልፍብሽ በውኃው ላይ ተንጠላጥሎ ሊሾልክ የሚሻውን ፕሮቶን ግን ከደጅ ትመልሺዋለሽ፤ እሱ እንዳሻው ቢገባ የሕዋሱ ጉልበት በከንቱ በፈሰሰ ነበር። ተመራማሪው ፒተር አግሬ የደም ዓይነት ሲመረምር ሳይፈልግሽ አገኘሽ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረቦቹ ጋር በእንቁራሪት እንቁላል ፈተነሽ፤ አንቺን ያልያዘው እንቁላል ጨው ባነሰው ውኃ ውስጥ እንደነበረ ተቀመጠ፣ አንቺን የያዘው አብጦ ፈነዳ። በ2003 የኖቤል ሽልማት ያስገኘው ግኝት እንዲህ በእንቁላል ፍንዳታ ተረጋገጠ።

በሰው ኩላሊት አለሽ፤ በሮቤ ስንዴ ሥር፣ በሳኔቲ ጅብራ ቅጠልም አለሽ። ውዳሴዬ ግን አሁን ወደ ጠላት ሰፈር ይሻገራል። ጥገኛ ተሕዋስን ማወደስ ነውር ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ፎካሪ የገጠመውን አውሬ አግዝፎ ካላነሣ ፉከራው አይደምቅም እለዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን ስም የተሰየመ ተሕዋስ አለ፤ ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ። የደጋን ሰው አፍንጫና ጉንጭ በቁንጭር የሚያቆስል እሱ ነው፤ የወሎ ኩታበርና የጋሞ ኦቾሎ በሚገባ ያውቁታል። ማደሪያው ሽኮኮ ነው፤ በባሌ ገደልም ወገኖቹ ማለዳ ፀሐይ ሲሞቁ የሚታዩት ያው ሽኮኮ። አሸጋጋሪው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ነው። ተሕዋሱ ከዝንቧ ሆድ ጣፋጭ ፈሳሽ ወደ ሰው ገላ፣ ከገላም ሊፈጨው ወደተዘጋጀው ነጭ የደም ሕዋስ ሆድ ይሻገራል፤ በየማደሪያው ጨውና ስኳሩ ይለዋወጥበታል፣ ማበጥም መጨማደድም ያሰጋዋል። በዘመዱ በሌሽማኒያ ሜጀር እንደታየው፣ በዚህ ጉዞ አንቺ፣ ሲዋኝ ሳለ በጭራው ላይ ተሰድረሽ፣ የውኃውን ልክ ታስተካክዪለታለሽ፤ ወዴት ይዋኝ እንደሆን ሳትጠቁሚውም አትቀሪም። ለሌባ እንኳ ቢሆን ይህን የመሰለ ታማኝ በረኛ ማን አየ!

ከክብርሽ ሁሉ የሚልቀው ግን ገና ነው። ለጌታሽ ታማኝ የሆንሽው አንቺ ሳታውቂ ለሐኪምም ታድሪያለሽ! ከውኃ ሌላ ግሊሰሮልን ታስገቢያለሽና፣ አንቲሞኒ በገላ ውስጥ ተለውጦ የግሊሰሮልን መልክ ሲይዝ ‹‹ግባ›› ትዪዋለሽ። ሰው መቀመጫው እስኪደነዝዝ በየዕለቱ እስከ 28 ቀን በመርፌ የሚወጋው የአንቲሞኒ መድኃኒት፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት፣ ወደ ጠላቱ ሆድ የሚደርስበት መንገድ አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሌሽማኒያ ሜጀር ላይ የተደረገው ምርምር ይህን አረጋገጠ፤ ደጂቱን ከሚሠሩት ሁለት የዘረመል ቅጂዎች አንዱ ሲወገድ ተሕዋሱ አንቲሞኒን የመቋቋም ኃይሉ አሥር እጥፍ አደገ፣ ደጆቹ ሲበዙለት ደግሞ በጥቂት መድኃኒት ተረታ። የከብቶቻችን ገንዲ ዘመድ የሆነው የእንቅልፍ በሽታ ተሕዋስም አኳፖሪን 2ን ሲያጣ ፔንታሚዲን የተባለውን መድኃኒት ይንቃል። መድኃኒት ተለመደ፣ አልሠራም ሲባል፣ አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ደጅ መዘጋቱ።

እንግዲህ ምስጋናው ለአንቺ ብቻ አይቅር። ከቁስሉ ጠርዝ ቆንጥጦ ስላይድ ለሚቀባው፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ከአንዲት ትልቅ ነጥብ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጥብ ለሚፈልገው የላቦራቶሪ ባለሙያም ይድረስ፤ ሁለቱን ነጥቦች ባንድ ላይ ሲያይ ነው ቁንጭር ነው የሚለው። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባ ላይም ሪፈራል ሆስፒታሉ አለ። ዓለም የሌሽማኒያ ሜጀርን ደጅ አንኳኩቶ ብዙ ተምሯል፤ በስማችን የሚጠራውን ተሕዋስ ደጅ የሚያንኳኳ ወጣት ግን ከዚሁ ከደጋው ቢነሣ እወዳለሁ፤ ሽኮኮው እንደሆነ ከገደሉ ጫፍ ተቀምጧል።