ከመሰንቆ ወደ ጃዝ፦ የእቴነሽ ዋሴ ድምፅ

የኢትዮጵያ ጃዝ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠራው ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ይገባዋልም። ሥራው በአመዛኙ የመሣሪያ ሙዚቃ በመሆኑ ግን ጥናቱም ቪብራፎኑንና ሳክስፎኑን ተከትሎ ሄዷል። ድምፃዊው ዳር ላይ ቀርቷል። የዚህ ዳሰሳ ሙግት አጭር ነው፤ ለጃዝ ድምፃዊነት የሚያበቃው ጥበብ በአዝማሪው ዘንድ ቀድሞም ነበር። ለዚህም ከጎንደር ምድር የወጣችው እቴነሽ ዋሴ ዋና ማስረጃችን ናት።

በደባርቅም ሆነ በዳባት የጥር ሠርግ ላይ የታደመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አዝማሪው ከፈረስ ጭራ የተሠራችውን አንዲት ክር በደጋኑ እየገዘገዘ ይቆማል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ ከዜማው ጋር ሊያስማማ አንዱን ቃል ይጎትታል፣ ሌላውን ይውጠዋል፣ ቤት መምቻው ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል። መሰንቆው ድምፁን ይከተላል እንጂ አይመራውም፤ አንዳንዴም ዘግየት ብሎ ያንኑ ዜማ በራሱ መንገድ ይደግመዋል። ቢሊ ሆሊዴይ የተደነቀችበት፣ ከምቱ ወደ ኋላ እየቀሩ የመዝፈን ስልት፣ በዚህ ለሰለጠነ ጆሮ ባዳ አይሆንበትም።

እቴነሽ ይህንኑ ሙያ ይዛ በአዲስ አበባ አዝማሪ ቤቶች ስትዘፍን ቆይታ፣ ለ ቲግር ደ ፕላታን ከተባለው የፈረንሳይ ቱሉዝ ጃዝ ቡድን ጋር ተገናኘች። እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት አልበም «ዘራፍ!» ይባላል። ከዚያ በፊት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አሻግሮት ነበር፤ ታላቅ ሥራ ነው፣ ነገር ግን ሽለላው ቃሉን ትቶ ነው የተሻገረው። እቴነሽ ቃሉን መለሰችለት። ድምፅዋ ሻካራ ነው። ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሲጮኹ አትሸሻቸውም፣ ልታለሰልሳቸውም አትሞክርም፤ ጉሮሮዋን አጥብቃ ትገጥማቸዋለች።

ሆኖም በእኔ ሚዛን የላቀው ሥራዋ ከባስ ጊታር ተጫዋቹ ከማቲዩ ሱሪሶ ጋር የሠራችው ነው፤ «በሎ በሎ» እ.ኤ.አ. በ2010፣ «የኔ ዓለም» ደግሞ በ2018 ወጥተዋል። ባሱ የመሰንቆውን ቦታ ይይዛል፤ ይከተላታል፣ ይጠብቃታል፣ አንዳንዴም ዝም ይልላታል። በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ግጥሙ ይሰማል። በትልቁ ቡድን ውስጥ ስንኙ በነሐሱ ጩኸት የተዋጠበት ጊዜ አለና ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአውሮፓ አድማጭ ድምፅዋን ያደንቃል፤ ሰምና ወርቁን መመዘን ግን የእኛ ሥራ ነው። ይህን ሥራ በሚገባ አልሠራንም።

የደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የሰሜን ጎንደር ባህል ቢሮዎች በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚዘፍኑትን አዝማሪዎች ቅጂ ከነግጥማቸው ሊያሰባስቡ ይገባል። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችንም ለጃዝ ድምፃውያን ተማሪዎች ከአሜሪካኑ መዝገብ ጎን አዝማሪውን መምህር አድርገው ያቅርቡ።