ግራ ባት፣ ሁለት ቀዳዳ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ውሻ ሳይጮህበት አይቀርም። ሳይነጋ ኪዳን ለማድረስ የሚወጡ ምእመናን፣ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች፣ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው የሚወርዱ እናቶች ይህን ያውቁታል። ውሻ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው የሚመጣው፤ ጥርሱም የሚያርፈው ባት ላይ ነው።

የተነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ካርድ ይወጣለታል። ባለሙያው ቁስሉን አይቶ ካርዱ ላይ የሚጽፈውን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። እኔ በሕክምና ውስጥ በጥሩ እጅ የተጻፈ የቁስል መዝገብን ያህል የማደንቀው ሥራ ጥቂት ነው።

ሁለት አጻጻፎችን እናስተያይ። አንዱ “ውሻ እግሩን ነክሶታል፤ ታጥቦ መርፌ ተሰጥቶታል” ይላል። ውሸት የለበትም፤ የሚጠቅምም ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ “ዛሬ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ሳይተነኮስ ነከሰው። ግራ ባት፣ ከኋላ፣ ከጉልበት እጥፋት 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሁለት የክራንቻ ቀዳዳ። አንዱ እስከ ጡንቻ የዘለቀ፤ ሌላው ከቆዳ ሥር የቆመ። ሱሪው ተቀዷል፤ ቁስሉ ውስጥ የጨርቅ ቁራጭ አልተገኘም። የእግር ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ውስጥ እግሩ ሲነካ ይሰማዋል፤ የደም ሥሩ ትርታ አለ። በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቧል። አልተሰፋም።”

የመጨረሻዋን ቃል ተመልከቱ። “አልተሰፋም” ብሎ የጻፈ ሰው ቁስሉን ችላ አላለውም። የውሻ ክራንቻ የሚተወው ቀዳዳ ከላይ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ጥልቅ ነው። አፉን ቶሎ መስፋት ጀርሙን ውስጥ መቆለፍ ነው። መስፋት ግድ ቢሆን እንኳ ቀድሞ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ መወጋት አለበት። ነገ ካርዱን የሚከፍተው ተረኛ ነርስ ያንን አንድ ቃል ሲያነብ ቁስሉ ታስቦበት ክፍት እንደተተወ ይረዳል። “የጨርቅ ቁራጭ አልተገኘም” የሚለውም እንደዚያው ነው፤ የተፈለገና የታጣ ነገር መጻፉ ትልቅ ሙያ ነው።

ቦታውም ያለ ምክንያት አልተለካም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በነርቭ ላይ እየተጓዘ ወደ አንጎል ይወጣል። ከፊትና ከአንገት ይልቅ ከባት ሲነሳ መንገዱ ስለሚረዝም ምልክቱ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት ነው፤ አልፎ አልፎም ከዓመት በላይ። ያ ጊዜ ክትባቱ ሥራውን የሚሠራበት ዕድል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። “ባለቤቱ ያልታወቀ” መባሉ ደግሞ ውሻውን 10 ቀን አቆይቶ ማየት አይቻልም ማለት ነው፤ ስለዚህ ክትባቱ እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ባለቤቱ ቢታወቅ ጉዳዩ ሌላ በር ይከፍታል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያኔ ይህችው ካርድ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ትችላለች።

ካርዱ ከተጻፈ በኋላ ነው ጉዳቱን የሚወክለው ኮድ የሚመጣው። በዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛው የበሽታዎች ዝርዝር ከጉልበት በታች ያለ ክፍት ቁስል ኤስ81 ነው፤ የውሻ ንክሻ ደብልዩ54። ከነጥብ በኋላ የምትጨመረው አኃዝ ቦታውን ትናገራለች፦ 0 ቤት ውስጥ፣ 4 መንገድ ላይ። ለጅብ የተለየ ቁጥር የለም፤ የእንጦጦ ጅብ ቢነክስ ደብልዩ55 ላይ ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ጋር ይመደባል። አሜሪካኖች ይህንኑ ዝርዝር ለራሳቸው ሲያሰፉት የባት ንክሻን ቀኝ ከሆነ ኤስ81.851፣ ግራ ከሆነ ኤስ81.852 አሉት። 859 ደግሞ የትኛው እግር እንደሆነ ጻፊው ሳይጽፍ ሲቀር የሚሰጥ ነው። ያቺን 9 ቁጥር ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ሐኪሙ ፊት ሁለት እግሮች ነበሩ፤ ኤችአይቲ የምንላቸው የጤና መረጃ ባለሙያዎች ፊት ያለው ግን ወረቀት ብቻ ነው። ያልተጻፈውን እግር ከየትም ሊያመጡት አይችሉም።

ጥሩ መዝገብ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከመነሻው ጀምሮ ባለውለታ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ፓሪስ ወደ ክትባቱ ፈልሳፊ ወደ ሉዊ ፓስተር ሲወሰድ 14 ቦታ ተነክሶ ነበር፤ እጁ፣ እግሩና ጭኑ ላይ። ፓስተር ባቀረበው ዘገባ ውሻው የነከሰው ጠዋት 2 ሰዓት፣ የአገሩ ሐኪም ቁስሉን በፌኖል የተኮሰው ምሽት 2 ሰዓት መሆኑ፣ የተገደለው ውሻ ሆድ ሲከፈትም ድርቆሽ፣ ገለባና የእንጨት ስብርባሪ መገኘቱ ሁሉ ሰፍሯል። ያ ዘገባ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ማንም ሐኪም አንብቦ የሚፈርድበት ነው። የፓስተር ስም በእኛም ከተማ ሰፈር ሆኖ ቀርቷል፤ አዲስ አበቤ ዛሬም ውሻ ሲነክሰው “ፓስተር ሂድ” ይባላል።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን ለየትኛው ወረዳ ምን ያህል ይላክ፣ የትኛው መንደር ውሾች በቅድሚያ ይከተቡ የሚለው ውሳኔ የሚነሳው ከካርድ ተለቅመው ከሚላኩ ቁጥሮች ነው። ኮተቤም ሆነ ቀበና ያለች አንዲት ነርስ ወረፋው በር ላይ እየጠበቃት ጊዜ ወስዳ “ግራ፣ ከኋላ፣ መንገድ ላይ” ብላ ስትጽፍ የምትሠራው ይህን ነው፤ ክብር ይገባታል።

ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በርበሬም ሆነ ቅጠል አይነስንሱበት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የውሻውን ሁኔታ ሳይጠየቁ ይንገሩ። የሚቀጥለውን መርፌ ቀን አስጽፈው ይውሰዱ፤ ቁስሉ ቢድንም ክትባቱን አያቋርጡ።