«የዘይት መጥበሻ»፦ በአንድ የሞተር ጥገና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሙያ ቃላት ስያሜ ውይይት በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው ወደ አእምሯችን የሚመጡት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሕክምና ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ስያሜ ፈጥኖ ጉዳት ከሚያደርስባቸው ቦታዎች አንዱ የጋራዥ ወለል መሆኑን የምንዘነጋው ይመስላል። ይህን እንድናስታውስ ያደረገን በቅርቡ የተመለከትነው፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የተሽከርካሪ ጥገና መመሪያ ነው። እዚህ የምንመረምረው ከሞተሩ ሥር የሚገኘው የዘይት ማጠራቀሚያ በመጋጠሚያው በኩል ዘይት ሲያፈስ እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳውን ምዕራፍ ብቻ ነው። የተርጓሚውን ስም አንጠቅስም፤ ስሕተቶቹ የአንድ ሰው ሳይሆኑ የብዙዎቻችን ናቸውና።

ከስሙ እንጀምር። ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ዕቃ ተርጓሚው «የዘይት መጥበሻ» ብሎታል። በእንግሊዝኛ የዚህ ዕቃና የመጥበሻ መጠሪያ አንድ ቃል ስለሆነ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በአማርኛ ግን መጥበሻ ከእሳት ጋር እንጂ ከማጠራቀም ጋር ግንኙነት የለውም። መካኒኮቻችን ይህን ዕቃ ከጣሊያንኛ በተወሰደ ቃል «ኮፓ» ይሉታል። እርግጥ ነው፣ ኮፓ የጎማ መሸፈኛ መጠሪያም ስለሆነ ብቻውን ሲቆም ያሻማል፤ «የዘይት ኮፓ» ሲባል ግን የሚሳሳት የለም።

ከዚህ የከበደው ችግር «ማሸጊያ» በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ነው። ተርጓሚው በዚህ አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሰይሞበታል። አንደኛው ከቡሽ፣ ከወረቀት ወይም ከጎማ ተቆርጦ በሁለት ገጾች መካከል የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ነው። ሁለተኛው ከቱቦ እየተጨመቀ የሚቀባውና ቆይቶ የሚደርቀው ሲሊኮን ነው። ሦስተኛው በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያልፍ የሚገባው ቀለበት፣ ማለትም ፓራኦሊዮ ነው። በዚህም ምክንያት አንባቢው ማሸጊያውን እንዲያነሣ፣ የማሸጊያውን ቅሪት እንዲፈገፍግ፣ ከዚያም ማሸጊያ ቀብቶ ማሸጊያውን እንዲመልስ ታዝዟል። ይህን ያነበበ ሰው በደረቁ መግባት የሚገባውን የጎማ ጓርኒሲዮን በሁለቱም ገጽ ሲሊኮን ቢለቀልቀው አይፈረድበትም። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል፤ ተቆርጦም ኮፓው ውስጥ ሲወድቅ የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ሊደፍነው ይችላል። ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ይነክሳል። እንግዲህ አንድን ቃል ለሦስት ጽንሰ ሐሳብ መስጠት የአንድ ሞተር ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የቡሎን ማጥበቅን የሚመለከት ነው። ለኮፓ ቡሎኖች የሚታዘዘው ልክ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ላላቸው ቡሎኖች በተለምዶ ከ10 ኒውተን ሜትር እምብዛም አይርቅም። ተርጓሚው ግን ይህን ልክ «ጉልበት» ብሎ ሰይሞታል። በመጀመሪያ ነገር፣ ኒውተን ሜትር የኃይልና ኃይሉ ያረፈበት ክንድ ርዝመት ብዜት እንጂ የኃይል ብቻ መለኪያ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ «በጉልበት ማጥበቅ» ማለት አቅም እስከፈቀደ መጠምዘዝ ነው፤ ይኸውም መመሪያው ከሚከለክለው ድርጊት ጋር አንድ ነው። ከልኩ በላይ የተጠበቀ ቡሎን የቡሹን ጓርኒሲዮን ጨፍልቆ ያስወጣዋል፤ ከላሜራ የተሠራውን የኮፓ ከንፈር በቀዳዳው ዙሪያ ያጎብጠዋል፤ ፍሳሹም ይብሳል። ስለዚህ «የጥምዘዛ ልክ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ልክ» የሚለው ቃል ወሰን መኖሩን ስለሚያስታውስ ከ«ጉልበት» በእጅጉ ይሻላል።

አራተኛው ነጥብ ግሦችን ይመለከታል። ተርጓሚው ለዘይቱ አወጣጥ ሁሉ «ያፈሳል» የሚለውን ግሥ ብቻ ተጠቅሟል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። የመጋጠሚያው ጠርዝ ጠብታ ሳይፈጥር ርሶ ሲታይ «ይወዛል»፤ ጠብታው መሬት ሲደርስ «ያንጠባጥባል»፤ ሳይቋረጥ ሲወርድ «ያፈሳል» እንላለን። ልዩነቱ የቃላት ጌጥ አይደለም። የሚወዛ ኮፓ እየተጠረገና የዘይቱ መጠን እየተለካ ብዙ ጊዜ በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ የሚያንጠባጥብ ግን መፈታት አለበት። ደረጃዎቹ ሲጨፈለቁ ባለመኪናው ያለ ምክንያት ያስፈታል፣ ወይም ማስፈታት ሲገባው ችላ ይላል።

ሥራው በጎ ጎን የለውም ማለታችን አይደለም። ዘይቱ የሚታይበት ቦታ የሚወጣበት ቦታ ላይሆን እንደሚችል፣ ከቴስታታው ክዳን ወይም ከኋለኛው ፓራኦሊዮ ወርዶ ኮፓው ላይ ሊጠራቀም እንደሚችል፣ ስለዚህም ከመፍታት በፊት አጥቦና ሞተሩን አስነሥቶ ምንጩን መለየት እንደሚያስፈልግ ያስረዳበት ክፍል ጥርት ያለ አማርኛ ነው። «አንጠፍጥፍ» እና «ፈግፍግ» የሚሉትም ግሦች በትክክለኛ ቦታቸው ገብተዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ዐቢይ ነገር አለ። በሙያው አማርኛ ውስጥ የዕቃዎቹ ስሞች በብዛት ከጣሊያንኛ ሲመጡ ግሦቹ የራሳችን ሆነው ቆይተዋል። ስሞቹ በኤርትራ በኩልና በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከመኪናው ጋር አብረው ገቡ፤ ማንጠፍጠፍ፣ መፈግፈግ፣ ማስያዝ፣ መንከስ ግን ከዚያ በፊትም ነበሩን። ተርጓሚው የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የተለመዱትን ስሞች ለመተካት ሲደክም ግሦቹን አደኸያቸው። ኮፓና ጓርኒሲዮን ባዕድ ናቸው የሚል ቢኖር፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ካንዴላም እንዲሁ መሆናቸውን እናስታውሰዋለን።

ስለሆነም ለቃላት ሰብሳቢዎችና ለተርጓሚዎች የምናሳስበው ይህን ነው፦ አዲስ ስያሜ ከመፍጠር አስቀድሞ የባለሙያው ቃል ከነፍቺው ይመዝገብ፤ አንድ ቃል ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ይመደብ፤ አዲስ ቃል የሚፈጠረው ክፍተት ባለበት፣ ለምሳሌ እንደ ጥምዘዛ ልክ ባለው ቦታ ብቻ ይሁን። ትርጉሙም ከመታተሙ በፊት ለአንድ መካኒክ ይነበብለት። መመሪያውን ሰምቶ እጁ ወደ ትክክለኛው ቡሎን ከሄደና በልኩ ከቆመ ትርጉሙ ደርሷል፤ ካልሄደ ግን ስያሜያችን ምንም ያማረ ቢሆን ገና ረቂቅ ነው።