ብረቱ የት ሄደ?

ጆርጅ በትለርና ሮበርት ፊዮሬ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ ያቀረቡት «ፓምፒንግ አይረን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ብረት በሚገፉ ወጣቶች ዘንድ እንደ ዳዊት ሲደገም ኖሯል። ፊልሙ በ1975 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ የተካሄደውን የ«ሚስተር ኦሊምፒያ» ውድድር ይከተላል። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ይቀልዳል፣ ይፎክራል፣ ተቀናቃኙን ሉ ፌሪኞን በነገር ይወጋል፤ በመጨረሻም ያሸንፋል። ማራኪነቱን አልክድም። ግን ብረቱ የት ሄደ?

ብረት የገፋ ሰው ያውቀዋል፤ የጂም ኑሮ አብዛኛው ጥበቃ ነው። አንዱ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ ወሬ ሲሰልቅ ትጠብቃለህ። የ10 ኪሎው ብረት ጥንዱ ጠፍቶ ጥግ ለጥግ ታስሳለህ። ሌላው በላቡ አርሶት የሄደውን አግዳሚ ትወለውላለህ። ከሁሉ የሚያበሽቀው ግን ባለፈው ወር 80 ኪሎ ላይ የቆመ ጉልበት በዚህም ወር እዚያው ተገትሮ መገኘቱ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ስገፋ እንዲህ ያለውን ወር ስንቴ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ፊልሙ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ወር የለም። ጡንቻ በወኔ ብቻ የሚያብብ ይመስላል።

ዋናው ነቀፌታዬም እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ስለ ስቴሮይድ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሽዋርዘኔገር ግን በዚያ ዘመን ይወስድ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ራሱ በይፋ ተናግሯል። ዝምታው ጉዳት አለው። ሽሮውን በልቶ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት የሚገፋ የአዲስ አበባ ልጅ ሰውነቱን የሚለካው በዚያ ፊልም ነው። በሦስተኛው ወር መስተዋት ፊት ቆሞ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ጂሙንም ይተዋል። መለኪያው የተዛባ መሆኑን የነገረው የለም።

ለእኔ ፊልሙን ከከንቱ ፉከራ የሚያድነው ማይክ ካትዝ ነው። በ«ሚስተር ዩኒቨርስ» ውድድር ካናቴራውን የደበቀበት ኬን ዋለር ሲያሸንፍ፣ ካትዝ አራተኛ ወጥቶ ሐዘኑን በፈገግታ ለመሸፈን ይታገላል። ያ ፊት ከዋንጫ ሁሉ ይበልጣል፤ የለፋና ያልሆነለት ሰው ፊት ነውና። ካሜራው ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ አሸናፊው ይሮጣል።

ፊልሙን አትዩት አልልም። ሽዋርዘኔገርን አንድ ጊዜ ካያችሁ፣ ካትዝን ደግማችሁ እዩት። 80 ኪሎ ላይ ለቆምን ሰዎች የሚቀርበን እሱ ነው።