የምስጋናው ባለቤት ማን ነው? የሐበሻ ፈዷኢል ድርሳናት ከሳሪስ አቦ ሲነበቡ

የሐበሾችንና የጥቁር ሕዝቦችን ክብር ለማስረዳት በዐረብኛ የተደረሱ መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። በ255 ዓ.ሂ. ያረፈው አል-ጃሒዝ «ፈኽሩ ስሱዳን ዐለል ቢዷን»ን፣ በ597 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ «ተንዊሩል ገበሽ»ን፣ በ911 ዓ.ሂ. ያረፉት አስ-ሱዩጢ ደግሞ «ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን»ን ጽፈዋል። በአገራችን የነጃሺና የቢላል (ረ.ዐ.) ስም በተነሣ ቁጥር ከእነዚህ ድርሳናት የተቀዳ ነገር መስማት የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድርሳናቱን መተረክ ሳይሆን አነባበባችንን መመርመር ነው። ሐበሻ በእነዚህ መጻሕፍት ሲመሰገን ምስጋናውን የሚወርሰው ማን ነው?

የደራሲዎቹን ውለታ አስቀድመን እንመስክር። ኢብኑል ጀውዚ ለመጻፍ ያነሣሣቸው በቀለማቸው ምክንያት ልባቸው የተሰበረ ደጋግ ሰዎችን ማየታቸው እንደ ነበር በመግቢያቸው ይገልጻሉ። የሰው ደረጃ በሥራው እንጂ በመልኩ እንዳልሆነ ያስረዳሉ፤ ጥቁረትን ከሐም እርግማን ጋር የሚያያይዘውንም ወሬ እንደማይጸና ተናግረው ይጥሉታል። ከእርሳቸው ዘመን በፊት ኢብኑ ቡጥላንን የመሰሉ ጸሐፊዎች ለባሪያ ገዢ ምክር ሲሰጡ ሰውን በትውልድ አገሩ ከፍለው እንደ ሸቀጥ ይዘረዝሩ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ የኢብኑል ጀውዚ ድፍረት ክብደቱ ይታየናል።

ሆኖም የፈዷኢል ድርሳን አንድ ደካማ ጎን አለው። ለናቂው የሚሰጠው መልስ የታላላቆች ስም ዝርዝር ነው፤ ሉቅማን፣ ነጃሺ፣ ቢላል እያለ ይቆጥራል። በዚህ መንገድ የተናቀው ሰው ለክብሩ ምስክር እንዲያቀርብ ይገደዳል። ክብሩ ተጠይቆ የማያውቅ ሰው ግን ምስክር አይቆጥርም። ስውሩ ብልጫ ይህ ነው፤ ባለቤቱ እንደ ሀብት አይቆጥረውም፤ አለመጠየቁ የተፈጥሮ ሥርዓት ይመስለዋል።

ድርሳናቱ ወደ አማርኛ አንባቢ ሲደርሱ ችግሩ ይብሳል። በዐረቡ ዓለም «ሐበሻ» የሚለው ስም በባርነት የተወሰደውን ሰው ጨምሮ የሚሸፍን ነበር፤ በእኛ አገር ግን ባሪያ ገዢውና ሻጩ ራሱን «ሐበሻ» ብሎ፣ የተሸጠውን «ሻንቅላ» ብሎ ለየ። ስለዚህ ያው ምስጋና እዚህ ሲነበብ ወደ ገዢው ልጆች ይዞራል። ቢላል የኡመየት ኢብኑ ኸለፍ ባሪያ ነበሩ፤ ነፃ ያወጧቸውም አቡበክር (ረ.ዐ.) ናቸው። ስማቸውን ለመስጊድና ለመድረሳ እንሰጣለን፤ የኖሩበትን ሁኔታ የሚገልጸውን ቃል ግን ለስድብ አስቀርተነዋል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሳሪስ አቦ ከቃሊቲ መንገድ ዳር፣ በፋብሪካዎችና በመጋዘኖች መካከል የተቀመጠ፣ ከየክፍለ አገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚህ ሲሚንቶ የሚሸከመው ወጣት ቆዳው እጅግ የጠቆረ ከሆነ ስሙን የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ በመልኩ ይጠሩታል። «ቀይ» መባል ሙገሳ፣ «ጥቁር» መባል ቢያንስ ማስተዛዘኛ የሚያስፈልገው ቃል ነው። ኪራይ ቤት ፈላጊው «የየት አገር ሰው ነህ?» ሲባል ጥያቄው አገሩን ለማወቅ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚሰማው ተጠሪው ነው፤ ጠሪው ቀልድ እንደ ተናገረ ቆጥሮ ያልፋል።

ቋንቋችንም የዚህ ምስክር ነው። «ጨዋ» ስንል መልካም ጠባይ ያለውን ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን ባሪያ ያልሆነውን፣ ከጥሩ ዘር የተወለደውንም ሲያመለክት ኖሯል። ትውልድና ምግባር በአንድ ቃል ታስረው ቀሩ። በሽምግልና ጊዜ «አጥንቱ ይጣራ» የሚለው ሰው ስለ ጠባይ የጠየቀ ቢመስለውም፣ የሚመረምረው የአያት ቅድመ አያትን ዕጣ ነው።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ ባርነት በሕግ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሙስሊሙ ድርሻ በጽሑፎቻችን ጎልቶ አይታይም። የጅማው የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበር፤ የቤኒሻንጉሉ ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ከወርቅ ጋር ሰዎችን ይገብሩ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጡት ሰልፈኞች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባልን ሲቃወሙ፣ አንድ አጠራር ሰውን በገዛ አገሩ እንግዳ እንደሚያደርገው ለሁሉም አስተምረዋል። ያንን ትምህርት በኩራት የሚተርክ ማኅበረሰብ በራሱ አፍ ላለው አጠራር ጆሮ ሊነፍግ አይገባውም።

እዚህ ላይ ከፊቅህ የሚነሣ ተቃውሞ ይኖራል፤ «ከፋኣን ዑለማው ደንግገውት የለምን?» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ በወሎ ሐሪማዎች ሲቀራ በኖረው በኢማሙ ነወዊ «ሚንሃጅ» ውስጥ ነፃነት፣ ዘርና ሙያ ከከፋኣ መለኪያዎች ተቆጥረዋል፤ ጠራጊና እረኛ ከልብስ ሰፊ ልጅ ጋር እኩያ እንዳልሆኑም ተጠቅሷል። ነገር ግን በዚያው መዝሀብ ሴቲቱና ወሊይዋ ፈቅደው ከተዉት ኒካሑ የጸና ነው። የሙያ ደረጃም የሚለካው በልማድ ነው፤ ልማድ ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ፍርድ ይለወጣል። ኢማሙ ማሊክ ዘንድ ደግሞ ዋናው መለኪያ ዲን ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ቁረይሻዊቷን ፋጢመት ቢንት ቀይስን የነፃ ወጪውን የዘይድን ልጅ ኡሳማን እንድታገባ መክረዋታል፤ ሐዲሱ በሙስሊም ሶሒሕ ይገኛል። ስለዚህ የአጥንት ቆጠራን በከፋኣ ስም መከላከል ለፈቃድ የተተወውን በር እንደ ግድግዳ ማሳየት ነው።

ከፈዷኢል ድርሳናት የተሻለውን መንገድ የሚያሳየን በቡኻሪ የተዘገበው የአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነው። አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ አነወሩት። በኹጥባ ተሰዳቢው ቢላል እንደ ነበሩ ይነገራል፤ በሶሒሑ ዘገባ ግን ስሙ አልተጠቀሰም። ይህ አለመጠቀስ ለእኛ ትርጉም አለው፤ የሰውየው ክብር ታዋቂ በመሆኑ ላይ አልቆመም። ነቢዩ የእናቲቱን ሕዝብ ታላላቆች አልቆጠሩም። ፊታቸውን ወደ ተሳዳቢው አዙረው የጃሂሊያ ርዝራዥ እንዳለበት ነገሩት፤ ቀጥለውም ከእጁ በታች ያሉት ወንድሞቹ መሆናቸውን፣ ከሚበላው ሊያበላቸው፣ ከሚለብሰው ሊያለብሳቸው እንደሚገባ አዘዙት። ጉዳዩ በተሰዳቢው ማንነት ተጀምሮ በተሳዳቢው ማዕድ ላይ ተጠናቀቀ።

እንግዲህ «ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን»ን ማንበብ ይቀጥል፤ ይታተም፣ ይተርጎም። ነገር ግን ከጎኑ ሌላ ምርምር ይጠብቀናል። በሂርማታ የተሸጡት ሰዎች ልጆች ዛሬ በየትኛው ሰፈር ይኖራሉ? የመስጊዶቻችን ኮሚቴዎች ከእነርሱ ስንቱን ይዘዋል? በየቤታችን የምትሠራው ልጅ ከየትኛው ሳሕን ትበላለች? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪገኝ ድረስ በቢላል ስም የምንኮራው ኩራት ከባለቤቱ ያልተፈቀደ ውርስ ነው። ወላሁ አዕለም።