የጄምስ ብሩስ «ዝምብ»፤ ያልታወቁ ነፍሳትን በመለየት ሥራ ላይ የቀረበ ሒስ

ሕዝባችን ነገር አብዝቶ የሚመረምረውን ሰው «ከዝምብ ጠንጋራ ይለያል» ብሎ ያፌዝበታል። አባባሉ ለቀልድ የተነገረ ቢሆንም፥ የነፍሳት ጥናት ተማሪ ግን በእውነት ሥራው ይኸው ነው። ለተራ ተመልካች ሁሉም ዝምብ አንድ ነው፤ ለተማሪው ግን ሲያርፍ ክንፉን የሚደራርበው ዝምብ ሌላ፥ ክንፉን ለይቶ የሚያርፈው ሌላ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከቆላ አገር አንድ ከብት የሚነክስ ዝምብ በጠርሙስ ይዤ መጣሁና «የቆላ ዝምብ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ለመምህራችን አቀረብሁ። እሳቸውም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሡና «በሕይወት ሳለ ክንፎቹን እንዴት አድርጎ ያርፍ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ስም የሰጠሁት ዝምቡን አይቼ ሳይሆን የከብቶቹን ሥቃይ አይቼ ነበርና። በማጉያ መነጽር ሲመረመር ታባኒዴ ከሚባለው ቤተ ሰብ የሚመደብ፥ በተለምዶ የፈረስ ዝምብ የምንለው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የጄምስ ብሩስን መጽሐፍ ሳነብ የእኔው ዓይነት ስሕተት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ ሲዘዋወር እንደ ኖረ ተረዳሁ። ነገሩ ለነፍሳት ጥናትም፥ ለቋንቋም፥ ለከብት ርቢም የሚጠቅም ስለ መሰለኝ በዚህ መጽሔት ለውይይት አቀርበዋለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስኮትላንዳዊው ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ፥ በ1770 ጎንደር ደርሶ፥ በዚያው ዓመት የግልገል ዓባይን ምንጭ አይቶ፥ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቅቆ በስናር በኩል ተመለሰ። የጉዞው ታሪክ በአምስት ቅጽ ተከፍሎ በኤዲንበርግ የታተመው በ1790 ነው። አምስተኛው ቅጽ የሚናገረው ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት ሲሆን እንሰትን፥ ጤፍን፥ አሽኮኮን፥ አባ ጉምባን ከሥዕል ጋር ያቀርባል። ብሩስ በሙያው የሥነ ፍጥረት ሊቅ አልነበረም፤ በዘመኑ እንደ ነበሩት ብዙ ባላባቶች ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ነበረ። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም ስለ አሽኮኮ የጻፈው ዛሬም የሚመሰገን ነው። እንስሳው ሥጋ በል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከጫጩት ጋር በአንድ ቤት ዘግቶ ምግብ ከልክሎታል፤ በማግሥቱ ጫጩቱ ጤነኛ፥ አሽኮኮው ደግሞ የተራበ ሆኖ ተገኘ። ብሩስ መፈተን ሲፈልግ መፈተን የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ በዝምቡ ጉዳይ የምናቀርበው ወቀሳ ያልተማረ ሰው ወቀሳ አይደለም፤ የሚችለውን ያላደረገ ሰው ወቀሳ ነው።

አሁን ወደ ዝምቡ እንመለስ። የብሩስ ገለጻ ባጭሩ ይህን ይመስላል። መጠኑ ከንብ ጥቂት ይበልጣል፤ ሰውነቱም ወፈር ያለ ነው። ክንፎቹ ከንብ ክንፍ የሰፉ፥ ቀለምም ነጥብም የሌለባቸው፥ እንደ ማናቸውም ዝምብ ክንፍ ተለያይተው የተቀመጡ ናቸው። ራሱ ትልቅ ነው። ከላይኛው ከንፈሩ አንድ፥ ከታችኛው ሁለት፥ በጠቅላላው ሦስት ጠንካራ ጭራ መሰል ነገሮች ይወጣሉ፤ ርዝመታቸውም የኢንች ሩብ፥ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ በጣት ቢነኩ እንደ ዐሣማ ጠጉር የሚቋቋሙ ናቸው። ሰውነቱ ቡናማ ጠጉር ለብሷል። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ከብቱ ሁሉ ግጦሹን ትቶ እስኪሞት ድረስ ይሮጣል፤ ግመልም ከተነከሰ ገላው አብጦ ይቈስላል። ዝምቡ የሚታየው ክረምት ሲገባ በጥቁር አፈር ላይ ስለ ሆነ፥ ከብት አርቢዎች ጥቁሩን መሬት ለቅቀው ወደ አትባራ አሸዋ ይወርዳሉ።

በዚህ ገለጻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ተደባልቋል፤ አንደኛው ብሩስ በዓይኑ ያየውና በጣቱ የነካው፥ ሁለተኛው ሰምቶ ያመነውና ገምቶ የጨመረው ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስንመረምር ስሕተት እናገኛለን። ዝምቡ ከንብ ወገን ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ንብ ግን አራት ክንፍ አላት፥ ዝምብ ሁለት ብቻ ነው ያለው፥ በኋለኞቹ ክንፎች ፈንታም እንደ ከበሮ መምቻ ያሉ ሁለት ትናንሽ አካላት አሉት። ጩኸቱም ቢያንስ በከፊል ከአፉ ጭራዎች መርገብገብ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ዝምብ ሲበር የምንሰማው ድምፅ ግን የክንፉ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው፥ በዚያው ገለጻ ውስጥ የበረራው ሁኔታ በእንግሊዝ አገር ከብት የሚያስደነብረውን ዝምብ እንደሚመስል መናገሩ ነው። መልሱን በእጁ ይዞ ሳያስተውለው አለፈ። ሊኔዎስ «ታባኑስ» የሚለውን ስም በ1758 አውጥቶ ነበር፤ ይህም ብሩስ ምጽዋ ከመድረሱ 11 ዓመት አስቀድሞ ነው።

ቀጥሎ ስለ ስሙ እንነጋገር። ብሩስ በመጀመሪያው ቅጽ ዝምቡን «ዝምብ» ብሎ ይጠራዋል፤ በአምስተኛው ቅጽ ደግሞ የግእዝ ስሙ «ጸልጸልያ» እንደ ሆነ፥ «ዝምብ» ግን ዐረቦች በጠቅላላው የሚሉት እንደ ሆነ ይጽፋል። ቃሉ ጠቅላላ ስም መሆኑን ማወቁ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የዐረቡ ቃል «ዙባብ» ነው፤ «ዝምብ» የራሳችን አማርኛ ነው። በሕፃን ዓይን ላይ የሚያርፈውንም፥ ጠላ ውስጥ የሚወድቀውንም፥ በሬ የሚነክሰውንም ዝምብ እንላለን። አንድ መንገደኛ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅና «ዝምብ ነው» ቢባል የተነገረው እውነት ነው፤ ግን የአንድን ዝርያ ስም አልተነገረውም። ከብሩስ በኋላ የመጡት ጸሓፊዎች ይህን ጥንቃቄ ረስተው ቃሉን የአንድ ልዩ ነፍሳ ስም አደረጉት። በ1913 የታተመው የዌብስተር መዝገበ ቃላት «ዝምብ»ን በሐበሻ አገር የሚገኝ፥ ከብት የሚጎዳ፥ የጼጼ ዝምብ ዘመድ አድርጎ ይተረጕመዋል። እንግዲህ የእኛ ተራ ቃል ባሕር ተሻግሮ የአስፈሪ ፍጥረት ስም ሆነ ማለት ነው።

ለመሆኑ የብሩስ ዝምብ ጼጼ፥ ማለት በአማርኛ የቆላ ዝምብ የምንለው ነውን? ብዙ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ነው ብለዋል። ምክንያታቸው ከብት መግደሉ ነበር። ይሁን እንጂ የራሱ የብሩስ ምስክርነት በአራት መንገድ ይቃወማቸዋል።

አንደኛ፥ ጼጼ ሲያርፍ ሁለቱን ክንፎቹን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርባል፤ ይህ ዋና መለያው ነው። ብሩስ ግን ክንፎቹ የተለያዩ ናቸው ይላል።

ሁለተኛ፥ የጼጼ መውጊያ አንድ መርፌ መሰል ነገር ሲሆን ግራና ቀኝ ሁለት ዳሳሾች ያቅፉታል። ሦስቱ ጭራዎች እነዚህ ናቸው የሚል ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም የማይናቅ ነው። ነገር ግን ጼጼ ሊነክስ ሲል መርፌው ወደ ታች ይወርዳል፥ ሁለቱ ዳሳሾች ከላይ ይቀራሉ፤ ብሩስ ያየው አንዱን ከላይ፥ ሁለቱን ከታች ነው። የሴት የፈረስ ዝምብ አፍ ግን ስድስት ስለታማ ክፍሎች ስላሉት ተለያይተው ቢታዩ አያስደንቅም። በአፍሪካ ከሚገኙት የታባኒዴ ወገኖች ፊሎሊኬ የሚባሉት ደግሞ በረጅም አፋቸው የታወቁ ናቸው።

ሦስተኛ፥ የጼጼ አወላለድ አዝጋሚ ነው። ሴቲቱ እንቍላል አትጥልም፤ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን አንድ ትል ብቻ ትወልዳለች። የፈረስ ዝምብ ግን በእርጥብ ስፍራ በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች፤ ትሎቹም በጭቃ ውስጥ ያድጋሉ። ዝናብ በወረደ ጊዜ ከጥቁር አፈር ላይ በድንገት መንጋ ሆኖ የሚነሣ ዝምብ ከሁለቱ ማንን እንደሚመስል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አራተኛ፥ ጼጼ የሚኖረው ጥላና እርጥበት ባለበት ዱር ነው። በአገራችን አምስት የጼጼ ዝርያዎች ሲገኙ ስፍራቸው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ሸለቆዎች፥ ማለት የዓባይ፥ የዴዴሳ፥ የግቤና የኦሞ፥ የባሮና የአኮቦ ተፋሰሶች፥ እንዲሁም የደቡቡ ስምጥ ሸለቆ ናቸው። ብሩስ ግን ዝምቡን ከጓርዳፉይ ርእሰ ምድር እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻና እስከ አትባራ አጠገብ ድረስ ያስፋፋዋል። በዚህ ሁሉ አገር አንድ ጼጼ ሊኖር አይችልም።

ከዚህ ተነሥቼ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፤ ብሩስ በእጁ የያዘው ዝምብ ከታባኒዴ ቤተ ሰብ መሆኑ እጅግ የሚመስል ነው፤ ዝርያውን መናገር ግን አይቻልም። ሥዕልና ገለጻ እንጂ ዛሬ በመርፌ ተሰክቶ፥ ቀንና ቦታ ተጽፎበት የምንመረምረው ናሙና የለንም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። የፈረስ ዝምብ ብቻውን ከብት ይገድላልን? አርቢዎችስ ስለ እሱ አገር ለቅቀው ይሰደዳሉን? ብሩስ በጻፈበት ዘመን ደዌ በዝምብ እንደሚተላለፍ የተረዳ አልነበረም። ግሪፊዝ ኤቫንስ በ1880 በሕንድ አገር በፈረሶችና በግመሎች ደም ውስጥ ትሪፓኖሶማ የተባለውን ሕዋስ አገኘ፤ ይህን በሽታ የፈረስ ዝምብ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው በአፉ ደም ይዞ ያስተላልፈዋል። ከዚያ በ1890ዎቹ ውስጥ ሌላው ብሩስ፥ ዴቪድ ብሩስ፥ በዙሉ አገር የከብቱ በሽታ በጼጼ እንደሚተላለፍ አስረዳ። ስለዚህ አርቢዎቹ መሸሻቸው ትክክል ነበር፤ ጄምስ ብሩስም መሸሻቸውን መመዝገቡ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ከጉዳቱ ተነሥቶ ጎጂውን መሰየም ነው። ብሩስ በዚህም ሳይወሰን ዝምቡን በኢሳይያስ ትንቢት ከተጠቀሰው ከግብፅ ወንዞች ዝምብ ጋር አንድ አድርጎታል፤ የተከበረ ጥቅስ ሲገኝ ደግሞ ክንፍ መቍጠር የሚያስፈልግ አልመሰለውም። ትንቢቱ ግን ስለ አሦርና ስለ ግብፅ ሠራዊት ይናገር እንጂ ነፍሳትን ለመመደብ የተጻፈ አይደለም።

«ይህ ሁሉ ክርክር ለሞተ ዝምብ ነውን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ለሞተ ዝምብ አይደለም። በአርሶ አደሩ ዘንድ ገንዲ የተባለው በሽታ የእርሻ በሬ እየገደለ ለም የሆነውን ቆላ ባዶ ያስቀራል። ጼጼን ለማጥፋት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ መካን የተደረጉ ወንድ ዝምቦችን መልቀቅ ነው፤ የዛንዚባር ክፍል በሆነችው በኡንጉጃ ደሴት በ1990ዎቹ በዚህ ዘዴ ጼጼን ማጥፋት ተችሏል። ዘዴው በፈረስ ዝምብ ላይ አንዳች ውጤት የለውም። በጣና ዙሪያ ደግሞ ጼጼ ሳይኖር ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት በከብት ደም ውስጥ ይገኛል፤ አስተላላፊዎቹ ሌሎች ነካሽ ዝምቦች ናቸውና። እንግዲህ «ገንዲ አለ፤ ስለዚህ የቆላ ዝምብ አለ» የሚል ሰው የብሩስን መንገድ ይከተላል፤ ውጤቱም ያለ አንዳች ጥቅም የጠፋ ገንዘብና የሞተ በሬ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እንግዳ ነፍሳት ያገኘን እንደ ሆነ የሚከተለውን ብናደርግ እላለሁ። በመጀመሪያ ስም አንስጠው፤ በሕይወት ሳለ እንዴት እንዳረፈ፥ በምን ላይ እንደ ነበረ እንጻፍ። ክንፉንና እግሩን እንቍጠር፤ ስድስት እግር ካለው ነፍሳት ነው፥ ስምንት ካለው የሸረሪት፥ የመዥገርና የጊንጥ ወገን ነው። ቀኑን፥ ቦታውን፥ የምድሩን ከፍታ በእርሳስ ጽፈን ከናሙናው ጋር በአልኮል ውስጥ እናኑር፤ ቀለም በአልኮል ይለቅቃልና። ፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ ግን ናሙናን አይተካም፤ የብሩስ ሥዕል ይህን አስተምሮናል። የአገሩንም ሰው ስሙን እንጠይቅ፤ ነገር ግን «ይህን ከሌላው ዝምብ በምን ትለዩታላችሁ?» ብለን እንጨምር። እረኛ ብዙ ጊዜ ከእኛ ይበልጥ ያያል፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ብሩስ የጠቀመን በዓይኑ ያየውን በታማኝነት ስለ ጻፈ ነው፤ እሱን ራሱን የምናርመው በእሱው ቃል መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ክንፎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ባይጽፍ ኖሮ እስከ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልኖረ ነበር። እኔም በጠርሙሴ ላይ የለጠፍሁትን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ጽፌያለሁ። በአዲሱ ወረቀት ላይ የቤተ ሰቡ ስም፥ ቀኑና ቦታው ብቻ ይገኛሉ፤ የዝርያው ስፍራ ክፍት ነው።